ካልሲየም መስሎ የሚገባው እርሳስ

(ከባድ ብረቶች በደም ሥር ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። የልብና የደም ሥር በሽታ የሚያመጣው ምንድን ነው? እስቲ በሉኝ። ጨው። ስብ። ሲጋራ። ስኳር። ጭንቀት። ቁጭ ብሎ መዋል። ሁሉም ልክ ነው። እርሳስ ያለ ሰው ግን የለም። አርሰኒክ ያለም የለም። አልፈርድባችሁም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የምትጠየቁት ስለ ጨውና ስለ ሲጋራ ነው። «ሥራህ ምንድን ነው? የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው?» ብሎ የሚያጣራ ሐኪም ብዙ አይደለም።

ነገሩ ግን ቀስ እያለ እየተለወጠ ነው። በ2023 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ ለልብና ለደም ሥር በሽታ ያጋልጣሉ ብሎ በስም ጠርቷቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በእርሳስ ሳቢያ እንደሞቱ ይገመታል ይላል። ልብ በሉ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኬሚስት ካለ እንዳይቆጣኝ፣ አርሰኒክ ሙሉ ብረት አይደለም፤ ከፊል ብረት ነው። በሚያደርሰው ጉዳት ግን ከእነሱው ጋር ስለሚቆጠር ዛሬ አብረን እናየዋለን።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አጭር ነው። እነዚህ ብረቶች ሰውነታችን የሚፈልገውን ነገር መስለው ይገባሉ። ስለዚህ ሲጎዱን አይታወቀንም። አንዴ ከገቡ ደግሞ እነሱን ማስወጣትና ጉዳቱን መመለስ ለየቅል ናቸው።

የደም ሥር ዝም ብሎ ቧንቧ አይደለም

ብዙ ሰው የደም ሥርን እንደ ውሃ ቧንቧ ነው የሚያስበው። ስብ ይጠራቀማል፣ ይደፈናል፣ አለቀ። ቧንቧ ግን በራሱ አይሰፋም፣ በራሱ አይጠብም። የደም ሥር ሁለቱንም ያደርጋል። ስትሮጡ የእግራችሁ ይከፈታል። በልታችሁ ስትቀመጡ የአንጀታችሁ ይከፈታል። ይህን ከሚቆጣጠሩት መካከል ዋነኛው የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ የለበጠው ሽፋን ነው። ኢንዶቴልየም ይባላል። ውፍረቱ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ከደም ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እሱ ስለሆነ፣ ደም ውስጥ የገባ መርዝም በቅድሚያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ሽፋኑ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለው የታወቀበት ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ልንገራችሁ። ሮበርት ፈርችጎት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጥንቸል ትልቁ የደም ቅዳ ላይ ቁራጭ እየወሰደ ይመራመር ነበር። አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ሲጨምርበት ቁራጩ ይኮማተራል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም ያው ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ያው ኬሚካል በሕይወት ላለ እንስሳ ሲሰጥ የደም ሥሩ የሚሰፋ መሆኑ ነው። በ1978 አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ይስታል። ያን ቀን ቁራጩ ሰፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ድገመው» ብሎ ያልፍ ነበር። ፈርችጎት ግን ነገሩን ሥር መሠረቱ ድረስ ተከታተለው። ለካ ድሮ ቁራጩን ሲያዘጋጁ ሳያውቁት የውስጥ ገጹን ይፈትጉት ኖሯል። ያቺ አንድ ረድፍ ሕዋስ ተፍቃ ትነሳለች። ሽፋኑ ካለ የደም ሥሩ ይሰፋል። ሽፋኑን ሆን ብለው ሲፍቁት ያ መስፋት ይጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግኝቱ በ1980 ታተመ። ሽፋኑ ወደ ጡንቻው የሚልከው መልእክት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተጋሩበት። የጋዙ ዕድሜ የሰከንዶች ነው። በዚያች አፍታ ግን የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላል፣ ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ይከላከላል። እሱ ሲያንስ ግፊት ይጨምራል፣ ደም ለመርጋት ይቀርባል፣ ስብ ግድግዳው ውስጥ መግባት ይቀለዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የአንድ ብረት ስም በጠራሁ ቁጥር «ያን ጋዝ ምን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እርሳስ

እርሳስ፣ ማለትም ሊድ፣ በሰውነታችን ውስጥ አንዳች ሥራ የለውም። ችግሩ ካልሲየምን መምሰሉ ነው። ሁለቱም የሚሸከሙት የኤሌክትሪክ ሙል እኩል ነው፤ መጠናቸውም ይቀራረባል። ካልሲየም ደግሞ ሰውነት ውስጥ የማይገባበት ቦታ የለም። አጥንት የሚሠራው በእሱ ነው። ጡንቻ ተኮማተር የሚባለው በእሱ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያቀብለው በእሱ ነው። ለካልሲየም በተከፈተው በር እርሳስም ሰተት ብሎ ይገባል። ገብቶም አንዳንዱን የካልሲየም ሥራ ይሠራል፤ ሲያሻው በማይገባው ሰዓት፣ ሲያሻው ከልክ በላይ። የደም ሥር ጡንቻን ከሚያኮማትሩት ኢንዛይሞች አንዱ በጣም ትንሽ እርሳስ ሲያገኝ እንኳ ይነቃል።

ያ ጋዝስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ብዙዎች እርሳስ ጋዙ እንዳይመረት ያደርጋል ብለው ይገምታሉ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም እንዲያውም በዝቶ ተገኝቷል። ጋዙ ይመረታል፤ ግን ከሥራው አይደርስም። እርሳስ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ቁጡ ሞለኪውል እንዲበዛ ያደርጋል። ያ ሞለኪውል ናይትሪክ ኦክሳይድን በመንገድ ላይ ይይዘውና ፐርኦክሲናይትራይት ወደሚባል ሌላ ጎጂ ነገር ይለውጠዋል። ሽፋኑ ስፋ እያለ ይጮኻል፣ ጡንቻው ግን አይሰማም። የአይጦቹ የደም ግፊት ጨመረ። ያን ቁጡ ሞለኪውል የሚያከሽፉ ነገሮች፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን የመሰሉ፣ ሲሰጧቸው ግፊቱ ወረደ። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ የቫይታሚን እንክብል ልትገዙ እንዳትሮጡ፤ ውጤቱ የአይጥ ነው። በሰው ላይ እንክብሎቹ እርሳስን መክተው የልብ በሽታ ሲያስቀሩ አልታየም።

ኩላሊትም ድርሻ አለው። እርሳስ ኩላሊትን ሲጎዳ ጨውና ውሃ የሚመጠንበት ሥርዓት ይዛባል። ግፊት ከዚያም በኩል ይጨምራል። ማለትም ግፊቱ ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣው።

አሁን ደግሞ አጥንት። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አጥንት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለው በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ ያለው ግን አሥርት ዓመታት ይቆያል። እዚያ ተቀብሮ ቢቀር ምንኛ በተገላገልን! አጥንት ግን ሁልጊዜ እየፈረሰ የሚታደስ ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜ፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ በተዋለ ጊዜ ካልሲየም ከአጥንት ይወጣል። እርሳሱም አብሮት ይወጣል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የገባ እርሳስ ዛሬ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ለመሆኑ ስንት ሲሆን ነው የሚጎዳው? የሚለካው በማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው፤ ማለትም በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የግራም ሚሊዮንኛ እጅ እየተቆጠረ። አሜሪካ ለልጆች «ከዚህ በላይ ከሆነ አሳሳቢ ነው» የምትለውን ቁጥር ተመልከቱ። በ1960ዎቹ 60 ነበር። ከዚያ 40 ሆነ። 30። 25። በ1991 10 ሆነ። በ2012 5። በ2021 3.5። የልጆቹ ሰውነት አልተለወጠም። የእኛ እውቀት ነው የተለወጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚለው፣ ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ነው።

ስለ አዋቂዎች በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ከ1988 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ደማቸው የተለካ 14,289 አሜሪካውያን ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክትትል ተደርጎባቸዋል። የደማቸው እርሳስ 6.7 የሆኑት፣ 1 ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በ70 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ደማቸው ሲለካ 6.7 ማንንም የሚያስደነግጥ ቁጥር አልነበረም። ጥናቱ ጉድለት የለውም አልልም። የተለካው አንዴ ብቻ ነው። እርሳስ የበዛበት ሰው ብዙ ጊዜ ድሃ ነው፣ ያጨሳል፣ አየሩ የቆሸሸ ሰፈር ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለመለየት ሞክረዋል፤ ስሌት ግን ሁሉንም አይለይም። እኔን ያሳመነኝ ይህ ጥናት ብቻውን አይደለም። የአይጡ ሙከራ፣ የሰው ግፊት ልኬትና የሞት መዝገቡ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መጠቆማቸው ነው።

ቤንዚኑ

ሳይታሰብ የተደረገ አንድ ግዙፍ ሙከራ ደግሞ አለ። በ1921 በአሜሪካ የመኪና ሞተር እንዳያንኳኳ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር እንደሚቻል ተገኘ። በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ዓለም በጭስ ማውጫ የወጣ እርሳስ ሲተነፍስ ኖረ። በ1970ዎቹ አሜሪካ መቀነስ ጀመረች። ከ1976 እስከ 1980 በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ሲወርድ፣ የሕዝቡ አማካይ የደም እርሳስም 37 በመቶ ገደማ ወረደ። በአራት ዓመት! ማንም መድኃኒት አልዋጠም፣ ማንም አመጋገቡን አልቀየረም። ለመኪና በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚን መሸጥ በዓለም ላይ ጨርሶ የቆመው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች።

በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሰው ሲቀንስ፣ ከቅነሳው አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ከእርሳስና ከካድሚየም መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሰላ። ግምት ነው። ግማሹ እንኳ ልክ ቢሆን ስንት መድኃኒት የማይሠራውን ሠርቷል ማለት ነው።

አርሰኒክ

በደቡብ ምዕራብ ታይዋን የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ጥልቀት የሌለው የጉድጓድ ውሃቸው ጨዋማ ነበር። ስለዚህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ውሃው ጥሩ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የማይሸት፣ የማይጎመዝዝ። ከዓመታት በኋላ ሰዎች እግራቸው መቀዝቀዝ ጀመረ። መደንዘዝ መጣ። ጥቂት ሲራመዱ ሕመም፣ ቆም ሲሉ ፋታ። ከዚያ የእግር ጣት ጥቁር ይሆናል። ጋንግሪን ይሆናል። ብዙዎች እግራቸው ተቆረጠ። በሽታው «ጥቁር እግር» ተባለ። በ1950ዎቹ ሐኪሞች በብዛት ያጠኑት ጀመር። የተቆረጡትን እግሮች ሲመረምሩ የደም ቅዳዎቹ ጠበውና ተዘግተው አገኟቸው። ውሃው ሲመረመር አርሰኒክ በብዛት ነበረበት። መንደሮቹ የቧንቧ ውሃ ሲገባላቸው አዲስ ሕመምተኛ እየቀነሰ መጣ።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። አርሰኒክ ያለበት ውሃ የሚጠጣበት አገር ብዙ ሆኖ ሳለ፣ እግር እንዲህ የሚጠቁርበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። በታይዋን ውሃ ውስጥ የነበሩ ሌሎች ነገሮች፣ የምግብ እጥረትም ሳይቀር ሳያባብሱት አልቀሩም ተብሎ ይጠረጠራል። ግን እግሩ ባይጠቁርም ልብ አይተርፍም። በዚያው በታይዋን ውሃው አርሰኒክ በበዛበት ልክ የደም ግፊት፣ የአንገት ደም ሥር መጥበብ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ በዝቶ ተገኝቷል።

አርሰኒክ የሚመስለው ፎስፌትን ነው። ሕዋስ ኃይል የሚያመርትበትን ንጥረ ነገር፣ ማለትም። በሌላ መልኩ ደግሞ ከፕሮቲኖች ሰልፈር ጋር እየተጣበቀ ኢንዛይሞችን ያሰናክላል። ያንን ጋዝ የሚሠራውን ኢንዛይም ያዛባዋል፤ ኢንዛይሙ ጋዙን ትቶ ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚስቡ ሞለኪውሎችም ግድግዳው ላይ ይበዛሉ።

ባንግላዲሽ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሆድ ያባባል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰው ከወንዝና ከኩሬ ውሃ በሚመጣ ተቅማጥና ኮሌራ እንዳያልቅ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ብዙ ሕፃን ከተቅማጥ ተርፏል። ከመሬቱ ሥር አርሰኒክ መኖሩን ግን ያየ አልነበረም። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ጠጣው። አራይሃዛር በሚባል ወረዳ ከ2000 ጀምሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሰዎች ክትትል እየተደረገባቸው ነው። እዚያ የታየው፣ አርሰኒክ ከፍ ባለ ቁጥር በልብ በሽታ መሞት ከፍ ይላል። የሚያጨሱት ላይ ደግሞ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አልሆነም፤ ከድምሩ በለጠ።

ተስፋ የሚሰጠው የቺሊዋ አንቶፋጋስታ ናት። ከ1958 ጀምሮ ከተማዋ ውሃዋን ከአዲስ ወንዝ መሳብ ጀመረች። በአንድ ሊትር ከ800 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት የዛሬ ወሰን 10 ነው። በ1970 ማጣሪያ ተተከለ። በሞት መዝገቡ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ሃርት አታክ ቶሎ በረከተ፤ ውሃው ከተጣራ በኋላ ደግሞ እየቀነሰ ሄደ። የሳንባና የፊኛ ካንሰር ግን ዘግይቶ መጥቶ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ምንጩን መዝጋት ለልብ ቶሎ ይደርሳል ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ካድሚየም፣ ትንሽም ሜርኩሪ

አጫሾች፣ ይህ የእናንተ ነው። የትምባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር መጥጦ ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። በጭስ ሲገባ ደግሞ ሳንባ ከአንጀት ይልቅ እጅግ አብዝቶ ይቀበለዋል። የማያጨሱ ሰዎች በአብዛኛው የሚያገኙት ከምግብ ነው፤ ከእህል፣ ከቅጠላ ቅጠል።

የኢንዶቴልየም ሕዋሳት ጎን ለጎን ተያይዘው የሚቆሙት ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ነው። ካድሄሪን ቅርጹን የሚይዘው በካልሲየም ነው። ካድሚየም የካልሲየሙን ቦታ ሲቀማ መያያዣው ይላላል፤ በሕዋሳቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ስብ የተሸከመ ቅንጣት በዚያ ሾልኮ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ካድሚየም የበዛባቸው ሰዎች የእግር ደም ሥራቸው የመጥበቡ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ኩላሊት ውስጥ ከገባ በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ሜርኩሪን በአጭሩ ልለፈው። ነርቭን ክፉኛ እንደሚጎዳ በ1956 በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ታውቋል፤ በዚያ አከራካሪ ነገር የለም። ስለ ደም ሥር ግን ማስረጃው የተደበላለቀ ነው። ሰው ሜርኩሪን ባብዛኛው የሚያገኘው ከዓሣ ነው፤ ዓሣ ደግሞ ለልብ የሚበጅ ስብም አለው። በ2018 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እርሳስን፣ አርሰኒክንና ካድሚየምን ከልብ በሽታ ጋር ሲያያይዝ ሜርኩሪን አላያያዘም። ሌሎቹን ሦስቱን ያህል አልወነጅለውም።

«ዲቶክስ» የሚሏት ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይበላል። «ሰውነትዎን ከብረት እናጸዳለን» የሚል ማስታወቂያ የትም አለ። ሻይ አለው፣ የእግር መንከሪያ አለው፣ ዱቄት አለው። ስለ እነዚህ ጊዜ አላጠፋም። ከእነሱ መሀል አንድ እውነተኛ መድኃኒት ግን አለ፤ እሱን በወጉ እንየው። ኢዲቲኤ ይባላል። በደም ሥር በድሪፕ ይሰጣል። እርሳስንና ካድሚየምን አጥብቆ ይይዝና በሽንት ያወጣል። ሕክምናው ኪሌሽን ይባላል። በከባድ የእርሳስ መመረዝ ጊዜ ሕይወት ያድናል።

ለልብ በሽታስ? በ2013 አንድ ትልቅ ሙከራ ውጤቱን አወጣ። ከዚህ በፊት ሃርት አታክ የያዛቸው 1,708 ሰዎች፣ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ 40 ጊዜ እንዲወስዱ ተመደቡ። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ የልብ ችግር በ18 በመቶ ቀነሰ። የስኳር ሕመምተኞቹ ላይ በ41 በመቶ። ብዙ የልብ ሐኪም አላምንም አለ። አንዳንዱ ደስ አለው። በትክክልም ሙከራው ይደገም ተባለ።

ተደገመ። ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ ስኳርም ያለባቸው ሃርት አታክም የያዛቸው ሰዎች። ውጤቱ በ2024 ታተመ። በመድኃኒቱ የደማቸው እርሳስ በ61 በመቶ ወረደ። ታዲያ ልባቸውስ? መድኃኒቱን ከወሰዱት 35.6 በመቶ፣ ካልወሰዱት 35.7 በመቶ የልብ ችግር ገጠማቸው። እኩል ነው።

ለእኔ ይህ ከንግግሩ ሁሉ ከባዱ ቁጥር ነው። እርሳሱ ከደም ወጣ፤ የደም ሥሩ ግን ያው ሆኖ ቀረ። ዕድሜ ልክ ሲጎዳ የኖረ ግድግዳ ስልሳ ዓመት ላይ እርሳሱ ቢቀነስለት አይመለስም ይሆናል። የአጥንቱ እርሳስ እንደገና እየወጣ ይሆናል። ከአንቶፋጋስታ ጋር አስተያዩት። እዚያ የተዘጋው ምንጩ ነው፤ ለሁሉም ሰው፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም፣ በአንድ ጊዜ። ገንዘብ ቢኖረኝ ከድሪፑ ይልቅ ማጣሪያው ላይ ነው የማውለው።

ታዲያ እያንዳንዳችን ምን እናድርግ? ማጨስ ይቅር፤ በአንድ ድንጋይ ካድሚየሙም እርሳሱም ይቀንሳል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ አስመርምሩት፤ አርሰኒክ በመፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል። በባትሪ፣ በብየዳ፣ በቀለም፣ በብረት ማቅለጥ ሥራ የምትተዳደሩ የሥራ ልብሳችሁን ይዛችሁ ቤት አትግቡ፤ ልጅ የወላጁን አቧራ ነው የሚውጠው። ትንሽ ልጅ ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፋቁ። ለደም የሚያስፈልገው ብረት (አይረን) እና ካልሲየም የጎደለው ሰው እርሳስን አብዝቶ ስለሚቀበል የደም ማነስ ያለባችሁ ታከሙ። ከዚህ በላይ ያለው የመንግሥት ሥራ ነው። ቤንዚኑን ከገበያ ያወጣው የግለሰብ ጥንቃቄ አልነበረም።

ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎች

አንድ ወጣት፦ «ዶክተር፣ እርሳስ ደሜ ውስጥ ካለ ምን ይሰማኛል? ምልክቱ ምንድን ነው?»

ምንም። እንዲህ ብዬ ስመልስ ሰው አይደሰትም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። በጣም ሲበዛ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ፣ የእጅ መዛል ይመጣል። ዛሬ ያወራንበት መጠን ላይ ግን ምልክት የለውም። ግፊትህ ትንሽ ከፍ ቢል አንተ አታውቀውም። ሥራህና የምትኖርበት ቦታ ከምልክት ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ የባትሪ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። የወር አበባዬ ከሄደ ወዲህ ደም ግፊት ያዘኝ። ከዚያ ይሆን?»

እማማ፣ ከዚያ ነው ብዬ ልምልልዎ አልችልም። በዕድሜም ይመጣል፣ በቤተሰብም ይመጣል። ግን ሊሆን ይችላል፤ ስለ አጥንት የነገርኳችሁ ይኸው ነው። ለሐኪምዎ የሠሩበትን ቦታና ዘመን ይንገሩት፤ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት። የደም እርሳስና የኩላሊት ምርመራ ይዘዝልዎ። አጥንትዎ እንዳይሳሳ ክትትል ማድረግ ደግሞ በሁለት በኩል ይጠቅምዎታል። የግፊት መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ፤ ግፊቱ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መድኃኒቱ ይሠራል።

ሌላ ጠያቂ፦ «በፀጉርና በሽንት ሁሉንም ብረት እንለካለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ልመን?»

ለእርሳስ የሚታመነው ከደም ሥር የተቀዳ ደም ነው፤ የቅርብ ወራትን ይናገራል። የአጥንቱን የሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያ አለ፣ ግን ከምርምር ቦታ ውጭ ብዙም አይገኝም። ካድሚየም በሽንት ሲለካ የብዙ ዓመት ክምችትን ያሳያል። አርሰኒክም በሽንት ይለካል፤ ግን የጥቂት ቀናቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ ባትበሉ ይሻላል፤ በእነሱ ውስጥ ያለው ጉዳት የሌለው የአርሰኒክ ዓይነት ቁጥሩን ያንረዋል። ፀጉር ከውጭ አቧራና ከቀለም ብረት ስለሚይዝ እኔ ብዙ አላምነውም።

አንድ የምትጠነቀቁበት ዘዴ አለ። መጀመሪያ የኪሌሽን መድኃኒት ያጠጧችኋል፣ ከዚያ ሽንታችሁን ይቀበላሉ። መድኃኒቱ ማንም ጤነኛ ሰው ላይ ብረትን በሽንት ስለሚያስወጣ ቁጥሩ ይንራል። ያንን ቁጥር መድኃኒት ካልወሰደ ሰው ወሰን ጋር ያስተያዩትና በቀይ ቀለም አትመው ይሰጧችኋል። ቀጥሎ የሚሸጡላችሁ ሕክምናው ነው። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ፣ ማለትም የመርዝ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር፣ ይህን አሠራር በይፋ ተቃውሞታል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ ከመጣችሁ እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ፣ ሽንቱን የሰጣችሁት መድኃኒቱን ከመውሰዳችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል ነው።